የጌም ስክሪፕትን ከባይትኮድ ወደሚነበብ ኮድ መመለስ፦ ድሬ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚራም ሆነ ሳቢያን፣ ኮምፒውተር ላይ ጌም የሚጫወቱ ልጆች አንድ ነገር ደጋግመው ይጠይቁኛል። የጌሙን ፎልደር ከፍተው ውስጡን ማየት ይፈልጋሉ፣ የሚያገኙት ግን የማይነበብ ምልክት ነው። ከሐረር የሚጽፉልኝም አሉ፤ አብዛኞቹ የሚወዱትን ጌም አማርኛ ማድረግ የሚፈልጉ ናቸው። መልሱን በየጊዜው ከመድገም እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ፦ መሣሪያው አጽሙን ነው የሚሰጣችሁ፤ ኮዱን የሚነበብ የሚያደርገው ቁጭ ብሎ የሚያነበው ሰው ነው።

ባይትኮድ ምንድነው? ስክሪፕቱን በጽሑፍ ለምን አይተዉትም?

የጌሙ ሞተር፣ ማለትም ጌሙን የሚያንቀሳቅሰው ዋና ፕሮግራም፣ ብዙ ጊዜ በሲ ፕላስ ፕላስ ይጻፋል። ሜኑው፣ የጠላቱ ባህሪ፣ የዕቃው ዋጋ፣ ተልእኮው ግን ቶሎ ቶሎ የሚቀያየር ስለሆነ ቀለል ባለ የስክሪፕት ቋንቋ ይሠራል። ከእነዚህ ቋንቋዎች በጌም ዓለም በጣም የሚታወቀው ሉአ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ብራዚል ውስጥ፣ በሪዮ ዴ ጃኔሮ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ የተወለደ ቋንቋ ነው። ፓይተን የሚጠቀሙ ጌሞችም አሉ።

ሰው የጻፈው ስክሪፕት ኮምፓይል ሲደረግ ቨርቹዋል ማሽን (ትእዛዞቹን እያነበበ የሚፈጽም ፕሮግራም) የሚረዳው የቁጥር ትእዛዝ ይሆናል። ባይትኮድ የሚባለው ይሄ ነው። ቶሎ ይጫናል፣ እንደ ልብም አይነበብም፣ ሰሪዎቹ የሚፈልጉትም ሁለቱንም ነው። ለእኛ ጥሩው ነገር ባይትኮድ የፕሮሰሰሩ ቋንቋ አለመሆኑ ነው። ፈንክሽኖቹ የት እንደሚጀምሩና የት እንደሚያልቁ፣ ቁጥሮቹና ጽሑፎቹ የትኞቹ እንደሆኑ ተለይተው ተቀምጠዋል። ስለዚህ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል።

ፋይሉን ስከፍተው የተዘበራረቀ ነገር ነው። የምን ቋንቋ እንደሆነ በምን ልወቅ?

በኖትፓድ አትክፈቱት። የፋይሉን ባይቶች በቁጥር የሚያሳይ ፕሮግራም፣ ሄክስ ኤዲተር አውርዱ፤ ለዊንዶውስ ነፃ የሆነው ኤችኤክስዲ ይበቃል። ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ባይቶች ተመልከቱ፣ ፋይሉ ማን እንደሆነ ብዙ ጊዜ እዚያው ይናገራል። እኔ ከዚህ በታች ቁጥሮቹን በዴሲማል፣ በተለመደው የአሥር አቆጣጠር፣ ነው የምጽፈው፤ ኤዲተሩ በሄክስ (በ16 አቆጣጠር) ካሳያችሁ ወደ ዴሲማል ቀይሩት።

27፣ 76፣ 117፣ 97 ብሎ ከጀመረ ሉአ ነው። አምስተኛው ባይት ቨርዥኑን ይነግራችኋል፦ 81 ከሆነ 5.1፣ 82 ከሆነ 5.2፣ 83 ከሆነ 5.3፣ 84 ከሆነ 5.4። ይህን አንድ ባይት ሳያዩ መሣሪያ ሲያወርዱ የሚያመሹ ልጆች ብዙ ናቸው። 27፣ 76፣ 74 ከሆነ ደግሞ ሉአጂት ነው። ስሙ ቢመሳሰልም ባይትኮዱ ፈጽሞ ሌላ ነው፣ ለሉአ የተሠራ ዲኮምፓይለር (ባይትኮዱን ወደሚነበብ ኮድ የሚመልስ መሣሪያ) አያነበውም።

ፓይተን ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባይቶች የቨርዥኑ መለያ ናቸው፣ ቀጥሎ 13 እና 10 ይመጣሉ። ለምሳሌ ፓይተን 2.7 በ3፣ 243፣ 13፣ 10 ይጀምራል፤ 3.7 ደግሞ በ66፣ 13፣ 13፣ 10። የጃቫ ክላስ ፋይል 202፣ 254፣ 186፣ 190 ነው።

80፣ 75፣ 3፣ 4 ካያችሁ ደስ ይበላችሁ፣ ተራ ዚፕ ነው። ስሙን ቀይራችሁ ወይም በሰቨን ዚፕ ክፈቱት። ለቭ በሚባለው ሞተር የተሠሩ ጌሞች ብዙ ጊዜ እንዲህ ናቸው፤ ውስጣቸው ያለው ሉአ ኮምፓይል እንኳ ሳይደረግ በጽሑፍ የሚገኝበት ጊዜ አለ፣ ዲኮምፓይለርም አያስፈልጋችሁም።

ከእነዚህ አንዱንም ባላገኝስ?

ወይ ታምቋል ወይ ተመስጥሯል። 120 እና 156 ወይም 31 እና 139 ብሎ የሚጀምር ከሆነ የታመቀ ነው፣ በዚሊብ ወይም በጂዚፕ ይፈታል። ምንም የሚታወቅ መነሻ ከሌለው ወደ ታች ውረዱና የሚነበብ ቃል ፈልጉ። ተራ ባይትኮድ ውስጥ የፈንክሽን ስሞችና የሜኑ ጽሑፎች እዚህም እዚያም ብቅ ይላሉ። ከላይ እስከ ታች አንድም ቃል ከሌለና ባይቶቹ እኩል የተበተኑ ከሆኑ የተመሰጠረ የመሆን ዕድሉ ትልቅ ነው። ምስጢሩን መስበር ሌላ ጉዳይ ነው፣ ሕጉም እዚያ ላይ ጠበቅ ይላል። ስለ ሕጉ ወደ ታች አለ።

ዲኮምፓይለሩ በትክክል ምንድነው የሚሠራው?

ይሄን በምሳሌ ላሳያችሁ፣ ምክንያቱም እዚህ ጋ የገባው ሰው ሌላውን በራሱ ይወጣዋል።

አንድ የጌም ሰሪ ትንሽ የሉአ ፈንክሽን ጻፈ እንበል። የተጫዋቹን ሕይወት በአንድ ሎካል ቫሪያብል (በዚያው ፈንክሽን ውስጥ ብቻ በሚታወቅ ዋጋ መያዣ) ይቀበላል፣ ከ20 ካነሰ «ሂል» የሚባል ግሎባል፣ ከየትም ሊጠራ የሚችል፣ ፈንክሽን ይጠራል፣ አለቀ። ይሄ በሉአ 5.1 ኮምፓይል ሲደረግ ስድስት ትእዛዝ ይወጣዋል። የመጀመሪያው ሬጅስተር 0 ውስጥ ያለውን ከ20 ጋር ያወዳድራል፤ ሬጅስተር ማለት ዋጋ ለጊዜው የሚቀመጥበት ቁጥር ያለው ቦታ ነው። ሁለተኛው ዝላይ ነው፣ ሁኔታው ካልተሟላ ወደ ስድስተኛው ይወስዳል። ሦስተኛው «ሂል» የሚለውን ግሎባል ፈልጎ ሬጅስተር 1 ላይ ያስቀምጣል። አራተኛው ሬጅስተር 0ን ወደ ሬጅስተር 2 ይገለብጣል፣ አምስተኛው ይጠራል፣ ስድስተኛው ይመለሳል። እያንዳንዱ ትእዛዝ 32 ቢት ነው፤ 6 ቢቱ የትእዛዙ ቁጥር ነው፣ የቀረው የሬጅስተርና የቋሚ ዋጋ አድራሻ። ሉአ 5.1 በጠቅላላው 38 ትእዛዝ ብቻ ነው ያለው። አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብላችሁ ብታነቧቸው ታውቋቸዋላችሁ።

ዲኮምፓይለሩ አሁን ከታች ወደ ላይ ያስባል። ማወዳደርና ወደ ፊት የሚሄድ ዝላይ አየ፣ ስለዚህ «ይህ ከሆነ» የሚል አረፍተ ነገር ነበር ይላል። ዝላዩ ወደ ኋላ ቢሆን ኖሮ ሉፕ፣ ማለትም የሚደጋገም ኮድ፣ ነበር ማለት ነው። ሬጅስተር 1 ላይ የተቀመጠውን ፈንክሽን፣ ሬጅስተር 2 ላይ ያለውን ዋጋና መጥሪያውን ትእዛዝ አጣምሮ አንድ መስመር ያደርጋቸዋል። ከስድስት ትእዛዝ ሦስት መስመር ኮድ ወጣ። ይኸው ነው ሥራው።

ፈንክሽኑ ትልቅ ሲሆን፣ ሉፕ ውስጥ ሉፕ፣ መሃል ላይ ደግሞ መቋረጥ ሲኖርበት ዝላዮቹ ይደበላለቃሉ። ያኔ ዲኮምፓይለሩ አንዱን መልክ መርጦ ይጽፋል። የሚሠራ ኮድ ሊሆን ይችላል፣ ሰውየው የጻፈው ግን ላይሆን ይችላል። ሁለት የተለያየ አጻጻፍ አንድ ዓይነት ባይትኮድ ሊያወጣ ስለሚችል መነሻውን ለይቶ ማወቅ የማይቻልበት ጊዜ አለ።

ኮዱ ወጣልኝ፣ ግን ስሞቹ በሙሉ ኤል0፣ ኤል1፣ ኤ0 እያሉ ነው። ስሞቹ የት ሄዱ?

ተጥለዋል። ሰሪዎቹ ኮምፓይል ሲያደርጉ የዲበግ መረጃውን (ስህተት ለመፈለግ የሚረዳውን) አስወግደውታል፤ ሉአ ላይ አንዲት ትንሽ አማራጭ ናት ይሄን የምታደርገው። የሎካል ቫሪያብል ስምና የመስመር ቁጥር አብሮ ይጠፋል። ኮመንትማ መጀመሪያውኑ ባይትኮድ ውስጥ አይገባም፣ አትፈልጉት።

የማይጠፋም አለ። ግሎባል ስሞችና የቴብል ቁልፎች እንደ ተራ ጽሑፍ ተቀምጠው ነው ጌሙ በሚሠራበት ጊዜ የሚፈለጉት፤ ስለዚህ ሊጣሉ አይችሉም። ከላይ ባለው ምሳሌ የሕይወቱ ቫሪያብል ስም ይጠፋል፣ «ሂል» የሚለው ግን ይቀራል። ሥራችሁን ከዚያ ጀምሩ። «ሂል» የሚባል ነገር ኤ0ን ከተቀበለ፣ ኤ0ም ከ20 ጋር ከተወዳደረ፣ ኤ0 የተጫዋቹ ሕይወት ነው ብላችሁ ስም ስጡት። ከዚያ የጠራውን ፈንክሽን ሂዱና እዩ፤ አንዱ ስም ሌላውን እየጎተተ ይመጣል። ፋይሉ መጀመሪያ ጨለማ ይመስላል፣ አሥር ያህል ስም ስትሰጡ ግን ይበራል። እኔ ከዚህ ሥራ ሁሉ የምወደው ይሄን ክፍል ነው።

ፓይተን በዚህ ይሻላል። የሎካል ስሞቹ ራሱ ኮዱ ውስጥ ስለሚቀመጡ ብዙ ጊዜ ከነስማቸው ይመለሳሉ።

የትኛውን መሣሪያ ልጠቀም?

ለሉአ አንሉአክ ጥሩ ነው፤ በጃቫ የተጻፈ ስለሆነ ጃቫ ኮምፒውተሩ ላይ መኖር አለበት፣ ከ5.0 እስከ 5.4 ያሉትን ይሞክራል። ሉአዴክ የሚባልም አለ። ከሁለቱም በፊት ግን ከሉአ ጋር አብሮ የሚመጣውን ኮምፓይለር፣ ሉአክን፣ በዝርዝር ማሳያ አማራጩ ተጠቀሙ፣ ትእዛዞቹን አንድ በአንድ ያወጣላችኋል። ዲኮምፓይለሩ የተናገረውን የምታመሳክሩት በዚያ ነው።

ለፓይተን አንኮምፓይል6 እስከ 3.8 ድረስ ያገለግላል። ከዚያ በኋላ ላሉት ፒዋይሲዲሲን ሞክሩ፣ ግን ከ3.11 ወዲህ የፓይተን ባይትኮድ በጣም ስለተቀየረ ግማሽ ግማሹን ሊዘልባችሁ ይችላል። ዘ ሲምስ 4 ለመለማመድ ጥሩ ነው፤ የጌሙ ስክሪፕቶች በፓይተን 3.7 የተሠሩ ሆነው ዚፕ ውስጥ ይገኛሉ፣ ሞድ ሠሪዎችም (ጌሙን የሚቀይሩ ወይም የሚጨምሩበት ሰዎች) ለዓመታት ሲያነቧቸው ኖረዋል።

ዩኒቲ በሚባለው ሞተር የተሠራ ጌምስ?

ሁለት ዓይነት ነው። «ማኔጅድ» የሚል ፎልደር ውስጥ «አሴምብሊ ሲ ሻርፕ» የሚል ፋይል ካገኛችሁ ቀላል ነው፣ አይኤልስፓይ ከነስሙ ቁልጭ አድርጎ ያሳያችኋል። «ግሎባል ሜታዳታ» የሚል ፋይል ካገኛችሁ ግን ጌሙ በአይኤል2ሲፒፒ ተቀይሯል ማለት ነው። ኮዱ ወደ ሲ ፕላስ ፕላስ ተለውጦ ከዚያ የማሽን ኮድ ሆኗል፤ ባይትኮድ የለም። አይኤል2ሲፒፒ ደምፐር የክላሶቹንና የፈንክሽኖቹን ስም ይሰጣችኋል እንጂ ውስጣቸውን አይሰጣችሁም። ለውስጡ ጊድራን የመሰለ ከባድ መሣሪያ ያስፈልጋል። ለጀማሪ አልመክርም።

ዲኮምፓይለሩ ኤረር ይሰጠኛል። ምን ላድርግ?

በመጀመሪያ ቨርዥኑን እዩ። ሁለተኛ፣ ኤረሩ ሙሉ ፋይሉን ነው ወይስ አንድ ፈንክሽን ብቻ? አንድ ፈንክሽን ከሆነ የቀረውን ውሰዱና ያችን ከሉአክ ዝርዝር በእጃችሁ አንብቧት።

አንዳንድ የጌም ኩባንያዎች የትእዛዞቹን ቁጥር ያቀያይራሉ። 0 የነበረው መገልበጫ 17 ይሆናል፣ መጥሪያው 3 ይሆናል። ፋይሉ ትክክለኛ ይመስላል፣ የሚወጣው ግን ትርጉም የለውም። ይሄን የምታውቁት ፈንክሽኖች ሁሉ በሚያልቁበት ነው። ሉአ 5.1 እያንዳንዱን ፈንክሽን በመመለሻ ትእዛዝ ነው የሚዘጋው፣ ቁጥሩም 30 ነው። በፋይላችሁ ያሉ ፈንክሽኖች በሙሉ በሌላ ቁጥር፣ ለምሳሌ በ11 የሚያልቁ ከሆነ፣ 11 የእነሱ 30 ነው። እንዲህ እያላችሁ ሰንጠረዡን ትሠራላችሁ። አድካሚ ነው፣ ግን ይቻላል።

ኤአይ ላይ ለጥፌ «አስረዳኝ» ብለውስ?

ስም ለማውጣት ይረዳል። አንድ ፈንክሽን ስጡትና ምን እንደሚሠራ ጠይቁት። ጥሬ ባይቱን ሰጥታችሁ ኮድ አውጣልኝ ካላችሁት ግን ያልነበረ ነገር ጨምሮ፣ በሙሉ ልብ፣ የሚያምር ኮድ ሊጽፍላችሁ ይችላል። ከትእዛዞቹ ዝርዝር ጋር ሳታመሳክሩ አትመኑት።

ሕጋዊ ነው?

እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፣ የማውቀውን ልንገራችሁ። በእኛ አገር የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠበቅ ሥራ ነው። ያወጣችሁትን የሰው ኮድ መሸጥም ሆነ ማሰራጨት ከዚያ ጋር ያጋጫችኋል። የሰው ሰርቨር ውስጥ ያለፈቃድ መግባት ደግሞ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው፣ ያ ከዲኮምፓይል ጋር የሚገናኝ ነገር እንኳ አይደለም፣ ግን ሁለቱን የሚያምታቱ ልጆች ስላሉ ነው የማነሳው። በውጭ ያለውን ብትጠይቁ፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. የ2009 የሶፍትዌር መመሪያ በአንቀጽ 6 አንድን ፕሮግራም ከሌላ ጋር አብሮ እንዲሠራ ለማድረግ ሲባል፣ በተወሰነ ሁኔታ፣ ዲኮምፓይል ማድረግን ይፈቅዳል።

ከዚህ ሌላ ጌሙን ስትጭኑ የተስማማችሁበት ውል አለ። አንብቡት። ሞድ የሚፈቅዱ ሰሪዎች ብዙ ናቸው፣ በግልጽ የሚከለክሉም አሉ። ቅዳችሁ ሳይሆን ገዝታችሁ የምትጫወቱትን ጌም ክፈቱ፣ የምታውሉትም ለመማር፣ ለመተርጎም ወይም የተበላሸ ነገር ለማስተካከል ይሁን።

ኦንላይን ጌም ላይ ገንዘብ ወይም ሕይወት ለመጨመር ይረዳኛል?

አቦ፣ ይሄን ተዉት። በደንብ የተሠራ ኦንላይን ጌም ላይ ወሳኙ ዋጋ ሰርቨሩ ጋ ነው ያለው፣ እናንተ ጋ ያለው ማሳያ ብቻ ነው። የቀየራችሁት ፋይልም ሲመረመር ይታወቃል፣ አካውንቱ ይዘጋል። በዚያ ላይ ከእናንተ ጋር የሚጫወቱት የሰፈር ልጆች ናቸው፤ ሳንቲም አዋጥተው፣ ወረፋ ጠብቀው የተቀመጡ። ጨዋታቸውን አታበላሹባቸው።

ጌሙን አማርኛ ማድረግ እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

በጣም የሚያስደስተኝ ጥያቄ ይሄ ነው፣ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ከሁሉ በፊት ዲኮምፓይል ማድረግ እንደሚያስፈልግ አረጋግጡ። ብዙ ጌሞች ጽሑፋቸውን ለብቻ፣ በጄሰን ወይም በሲኤስቪ ፋይል ያስቀምጣሉ። «ላንጉዌጅ» ወይም «ሎካላይዜሽን» የሚል ፎልደር ካለ ስክሪፕቱን መንካት አያስፈልግም። ሬንፓይ በሚባለው ሞተር የተሠሩ የታሪክ ጌሞች ደግሞ የራሳቸው የትርጉም ሥርዓት አላቸው።

ጽሑፉ ባይትኮዱ ውስጥ ከሆነ ግን አንድ ወጥመድ አለ። በሄክስ ኤዲተር «ስታርት» የሚለውን እንግሊዝኛ ቃል አግኝታችሁ በላዩ ላይ «ጀምር» ብላችሁ ብትጽፉ ጌሙ አይከፈትም። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሉአ 5.1 ከእያንዳንዱ ጽሑፍ በፊት ርዝመቱን ይጽፋል፣ መጨረሻ ላይ የምትገባውን ዜሮም ጨምሮ። እንግሊዝኛው አምስት ፊደል አምስት ባይት ነው፣ ከዜሮዋ ጋር 6። የእኛ ፊደል ግን በዩቲኤፍ 8 (ፊደልን ወደ ባይት መቀየሪያ በሆነው ሥርዓት) እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይወስዳል። «ጀምር» ሦስት ፊደል ብትሆንም 9 ባይት ናት፣ ከዜሮዋ ጋር 10። ርዝመቱ 6 ይላል፣ የተጻፈው 10 ነው፤ በላዩ ላይ ከጻፋችሁ ቀጥሎ ያለውን ትበላላችሁ። ስለዚህ ወይ 4 ባይት አስገብታችሁ የርዝመቱን ቁጥር ወደ 10 ትቀይራላችሁ፣ ወይ ፋይሉን ዲኮምፓይል አድርጋችሁ፣ ጽሑፉን ቀይራችሁ፣ በዚያው ቨርዥን እንደገና ኮምፓይል ታደርጉታላችሁ። ሁለተኛው ይሻላል።

እንደገና ኮምፓይል ስታደርጉ ጌሙ 32 ቢት ነው ወይስ 64 የሚለውንም እዩ። ሉአ 5.1 ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ያሉት 12 ባይቶች ውስጥ ይሄን ይመዘግባል። የእናንተ ሉአክ 64 ቢት ሆኖ ጌሙ 32 ከሆነ «መነሻው የተበላሸ ነው» የሚል ኤረር ይሰጣችኋል። ሌላው መንገድ ግን በጣም ቀላል ነው፦ ሉአ በነባሪ ባይትኮድንም ተራ ጽሑፍንም ይቀበላል፤ ሰሪዎቹ ካልዘጉት የተስተካከለውን ስክሪፕት ኮምፓይል ሳታደርጉ በዚያው የፋይል ስም ብታስቀምጡት ሊሠራ ይችላል። መጀመሪያ ይሄን ሞክሩ። ዋናውን ፋይል ደግሞ ሳትነኩ ኮፒ አስቀምጡ።

ሁሉንም አደረግኩ፣ ጌሙ ተከፈተ፣ አማርኛው ግን ባዶ ካሬ ካሬ ሆኖ ይታያል።

ኮዳችሁ ትክክል ነው፣ ፎንቱ ነው የጎደለው። ጌሙ ይዞት የመጣው ፎንት ውስጥ የግዕዝ ፊደል የለም። ኦሮምኛና ሶማልኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ ይሄ ችግር የለባቸውም፤ ድሬ ላይ ሁለቱን የሚሞክሩ ልጆች ቀድመውን የሚጨርሱት ለዚህ ነው። ለአማርኛ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነፃ ነው፣ አቢሲኒካም አለ። የጌሙ ፎንት ተራ ትሩታይፕ ፋይል ከሆነ በዚያው ስም ተኩት፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ውስጥ የማታገኙት ምልክት ካለ ሁለቱን ፎንቶች በፎንትፎርጅ አዋህዱ። ፎንቱ ፊደሎቹ የተሳሉበት አንድ ምስል ሆኖ ከመጣ ግን ለእያንዳንዱ የምትጠቀሙበት ፊደል ቦታውንና ስፋቱን የሚናገር ሰንጠረዥ መሥራት አለባችሁ። ሁለት መቶ ምናምን ፊደል አንድ በአንድ አትሥሩ። የትርጉም ጽሑፋችሁን በትንሽ ስክሪፕት አስፈትሹና በውስጡ የሚገኙትን ፊደሎች ብቻ አውጡ፤ ለአንድ ሜኑ ከመቶ ያነሰ ሊበቃ ይችላል።